ካናቴራው ተሸጧል፤ ዶላሩስ?

  ለቁልቢ ገብርኤል ወጥቼ፣ በዚያው ቁልቁል ወደ ድሬዳዋ ወርጄ፣ ሦስት ቀን ከዚራ ሰንብቼ ተመልሻለሁ። የታኅሣሥ ድሬ ደግ ናት። ሙቀቷ ለዘብ ይላል፣ ማታ ማታ ሰው በረንዳ ላይ ወንበር አውጥቶ ነፋስ ይቀበላል። የሄድኩት ግን ለንግሥ ብቻ አልነበረም። አንዲት የከዚራ እህታችን የላከችልኝ መልዕክት ነበር። እሱን ሳልፈታ አዲስ ዓመት እንዳልገባ አድርጎ ይዞኝ ከርሟል።

ልጅቷ በድሬ ልማድ «አንተ» እያለች ነው የጻፈችልኝ። ድሬ አንቱታ እንደማትወድ የሚያውቅ ሰው አይቀየምም፤ እኔም አልተቀየምኩም። አሳጥሬ ላቅርበው፦

«ጋሼ፣ አቦ በናትህ ይሄን ነገር ፍታልኝ። 24 ዓመቴ ነው። ከዚራ ነው ተወልጄ ያደግኩት። ቀን ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ፤ ማታ ደሞ በወንድሜ ላፕቶፕ ካናቴራ ላይ የሚታተም ዲዛይን እሠራለሁ። ከስምንት ወር በፊት አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ያለው የአክስቴ ልጅ በስሙ የኢንተርኔት ሱቅ ከፈተልኝ። ዲዛይኑ የኔ፣ ስሙና የባንክ ሒሳቡ የሱ። እስካሁን 61 ካናቴራ ተሸጧል። አንዱ 25 ዶላር ነው። 61 ጊዜ 25፣ 1 ሺህ 525 ዶላር! እኔ እጅ የደረሰው ግን 150 ዶላር ብቻ ነው፤ እሱም በሁለት ጊዜ። ስጠይቀው አንዴ ‹ወጪ አለ›፣ አንዴ ‹ግብር አለብኝ› ይላል። አሁን ደሞ ጭራሽ መልዕክቴን አይቶ ዝም! እናቱ፣ ማለት አክስቴ፣ ከኛ ጋር አንድ ግቢ ነው የምትኖረው። ጠዋት ጠዋት አብረን ቡና እንጠጣለን። እሷን ቀና ብዬ ማየት አቅቶኛል። እማዬ ‹ከእህቴ እንዳታጣዪኝ› ትላለች። ፍቅረኛዬ ‹ፎቶውን ቲክቶክ ላይ ለጥፊና ሌባ በዪው› ይለኛል። እኔ መሀል ቤት ተቃጠልኩ። ልለጥፈው? ልተወው? ወይስ ሥራውን ራሱን እርግፍ አድርጌ ልተው?»

እውነቱን ለመናገር፣ እኔም መጀመሪያ እንዳነበብኩት ደሜ ፈላ። የዘመድ ነገር! ደጋግሜ ሳነበው ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ልጅቷ ማባዛቱን አሳምራ ሠርታዋለች። መቀነሱን ግን አንድም ቦታ አላየሁትም። ስለዚህ «ደብተርና እስክሪብቶ ይዘሽ ጠብቂኝ» ብዬ ጻፍኩላት።

የተገናኘነው ከዚራ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ብዙም ከማይርቅ ሻይ ቤት ነው። ወንድሟም ላፕቶፑን ታቅፎ መጣ። ባጃጆቹ እንደ ልማዳቸው ይጯጯሃሉ። ይቺ ሰፈር፣ መቼም፣ ከሩቅ አገር ጋር መነገድ የጀመረችው ዛሬ አይደለም። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ከብዶት ከታች ሜዳው ላይ ሲያርፍ፣ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ተወለደች። ከዚራም በደቻቱ ወንዝ ማዶ ከመጋላ ተለይታ፣ በባቡሩ ሰዎች ፕላን ቀጥ ያለ መንገድና ጥላ ያለው ዛፍ ይዛ አደገች። ከዚያ ወዲህ ድሬ ስንት ጨርቅ አይታለች! የኮተኒ ፋብሪካ አቡጀዴ፣ በኮንትሮባንድ የገባ ሸሚዝ፣ የታይዋን ገበያ ሸቀጥ። አብዛኛው ግን ከውጭ ወደ ውስጥ የሚገባ ነበር። ይቺ ልጅ ገበያውን ገልብጣ ከከዚራ ወደ ውጭ ትሸጣለች። ኢንተርኔቱም ቢሆን ድሬን አክብሯታል፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በነሐሴ 2014 አገልግሎቱን መሞከር የጀመረው እዚሁ ድሬዳዋ ነው።

«እስኪ ካናቴራውን አሳዪኝ» አልኳት።

«የቱን?»

«ከሸጥሽው አንዱን ነዋ!»

ሳቀች። «ጋሼ፣ እኔ አንዱንም በእጄ ነክቼ አላውቅም።»

አንባብያን ሆይ፣ የዚህ ሥራ ሚስጥሩ እዚች ላይ ነው። ሥራው በትዕዛዝ ማተም ይባላል። አንዱ ሥዕል ይሠራል፤ ሥዕሉን በባዶ ካናቴራ ፎቶ ላይ አስቀምጦ የኢንተርኔት ገበያ ላይ ያወጣዋል። ገዢው ካዘዘ በኋላ ነው ካናቴራው የሚታተመው። የሚያትመውም ሌላ ድርጅት ነው። ለምሳሌ ፕሪንትፉል የተባለው እ.ኤ.አ. በ2013፣ ፕሪንቲፋይ የተባለው ደግሞ በ2015 የተመሠረቱ ናቸው፤ ሁለቱም የላትቪያ ዋና ከተማ ከሆነችው ከሪጋ ጋር የተያያዙ ናቸው። የኅትመት ቤቶቻቸውና ሸሪኮቻቸው አሜሪካም አውሮፓም አሉ። የአሜሪካ ገዢ ሲያዝ አሜሪካ ይታተምና በፖስታ ደጁ ይደርሳል። ከድሬ የሚሄደው ጨርቅ አይደለም፣ ሥዕል ነው። መጋዘን የለም፣ ጉምሩክ የለም፣ «አልተሸጠልኝም» ብሎ ክምር ላይ መተኛት የለም።

ጥሩ ነው! ነገር ግን መሀል ላይ ያለው ሁሉ የድርሻውን ቆንጥሮ ነው የሚያልፈው። ደብተሩን ገለጥንና ቁጭ አልን። የልጅቷን ገበያ ስም አልጠራም፤ ለስሌቱ ግን ኤትሲ የተባለው ገበያ በይፋ ያወጣውን ተመን እንያዝ። አንድ ካናቴራ መላኪያው ተጨምሮበት በ25 ዶላር ተሸጠ እንበል።

አታሚው ለካናቴራውና ለኅትመቱ 12 ዶላር፣ ለመላኪያው 5 ዶላር ጠየቀ እንበል። 17 ዶላር ሄደ። ቀረን 8።

ገበያው ከሽያጩ 6.5 በመቶ ይወስዳል፤ 1 ዶላር ከ63 ሳንቲም። ይህ ተመን እ.ኤ.አ. እስከ ሚያዝያ 2022 ድረስ 5 በመቶ ነበር።

ለክፍያ ማስተላለፊያ አሜሪካ ላለ ሻጭ 3 በመቶና 25 ሳንቲም፤ ድምሩ 1 ዶላር።

ዕቃውን ለመዘርዘር 20 ሳንቲም።

ቀሪ? 5 ዶላር ከ17 ሳንቲም ገደማ!

ልጅቷ እስክሪብቶውን አስቀመጠች። «አምስት?»

«አዎ፣ አምስት። ሃያ አምስት አይደለም።»

61 ጊዜ ስናባዛው 315 ዶላር ገደማ ሆነ። አላበቃም። ገዢው የመጣው ገበያው ራሱ ሌላ ቦታ ባሠራው ማስታወቂያ ከሆነ፣ አነስተኛ ሻጭ ከዚያ ሽያጭ ላይ ሌላ 15 በመቶ ይቆረጥበታል፤ ከ25 ዶላር 3.75 ማለት ነው። አነስተኛ ሻጭ ይህን ማስታወቂያ «አልፈልግም» ብሎ ማዘጋት ይችላል፣ ግን ማን ነግሯት! ወንድምየው የሱቁን ገጽ ከፍቶ ሲቆጥር 20 ሽያጭ በዚህ መንገድ የመጣ ሆኖ ተገኘ። 75 ዶላር ሄደ። ቀረ 240።

ሁለት ገዢዎች «ጠበበኝ» ብለው ገንዘባቸው ተመልሶላቸዋል። ልብ በሉ፣ ኅትመቱ ካልተበላሸ በቀር አታሚው ለተሳሳተ ልክ ኃላፊነት አይወስድም። ለማተሚያና ለመላኪያ የወጣው ከሻጩ ኪስ ነው። ከቀረው ትርፍ ጋር በሁለቱ 44 ዶላር ግድም። ቀረ 196።

ደግሞ ያልተሸጡ 40 ዲዛይኖች አሉ። ዝርዝሩ በየአራት ወሩ ሲታደስ እያንዳንዱ 20 ሳንቲም ይበላል። በስምንት ወር ሁለት ጊዜ፤ 16 ዶላር። ቀረ 180!

180። የተላከላት 150። ልዩነቱ 30 ዶላር!

ለትንሽ ጊዜ ማንም አልተናገረም። ሠላሳ ዶላር ትንሽ ነው አልልም፤ ከ3 ሺህ ብር በላይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ዶላር ምን እንደሆነ ሁላችን እናውቃለን። 57 ብር ገደማ የነበረው በሳምንታት ውስጥ 100 ተሻግሯል። ቢሆንም አንድ ሺህ ሦስት መቶ ምናምን ዶላር ወሰደብኝ ብላ እንቅልፍ ያጣች ልጅ፣ የተቆጣችበት ገንዘብ ከነጭራሹ ያልነበረ ሆኖ አገኘችው። ብዙ ወጣት በዚህ ሥራ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ሽያጭና ትርፍ አንድ ይመስለዋል።

«እሺ፣ ታዲያ ለምን አይነግረኝም?» አለች። ይሄ ተገቢ ጥያቄ ነው። ወደሱ እመለሳለሁ። በፊት ግን ሌላ የደበቀችኝ ጉድ ነበር።

ወንድምየው ነው ያወጣው። «ጋሼ፣ ሱቁ አንዴ ሊዘጋ ነበር እኮ! የቦብ ማርሌን ምስል ለጥፋ።»

ድንግጥ አልኩ። ቦብ ማርሌ የሁላችን ዘመድ ይመስለናል፤ መልኩ ግን ባለቤት አለው። ቤተሰቡ ያቋቋመው ድርጅት፣ ምስሉን ያለ ፈቃድ ካናቴራ ላይ አትመው በትልልቅ የአሜሪካ መደብሮች የሸጡ ነጋዴዎችን ከሶ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የይግባኝ ፍርድ ቤት ለቤተሰቡ የተሰጠውን ፍርድ አጽንቶታል። እነዚያ ጠበቃ ያላቸው ነጋዴዎች ናቸው። የከዚራ ልጅማ ምን አላት? የእግር ኳስ ክለብ አርማ፣ የጫማ ፋብሪካ ምልክት፣ የፊልም ገጸ ባሕርይ፣ የዘፋኝ ፎቶ... ሁሉም እንደዚያው ነው። ገበያው መጀመሪያ ዲዛይኑን ያነሣል፤ ከተደጋገመ ሱቁን ይዘጋል። ሱቁ ደግሞ በማን ስም ነው? በአክስት ልጅ! ልጁ ኮምፒዩተሩን ከፍቶ ማስጠንቀቂያ ሲደርሰው ምን እንደተሰማው አስቡት።

ይህ ሕግ የነጭ ተንኮል እንዳይመስላችሁ። እኛም ተጠቅመንበታል። መንግሥታችን እ.ኤ.አ. በ2005 ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች አሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ጠይቆ፣ ከስታርባክስ ጋር ተከራክሮ፣ በ2007 ስምምነት ላይ ደርሷል። የራሳችንን ስም ያስከበርንበትን መንገድ የሌላውን ለመንጠቅ ስንረሳው ያስተዛዝባል። አገር ውስጥም ቢሆን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ከ1996 ጀምሮ አለ። ልጅቷ በእጇ የሠራችውን ሥዕልም የሚጠብቅላት እሱ ነው።

ደግሞስ ቦብ ማርሌ ለምን ያስፈልጋል? «ከሁሉ በላይ የተሸጠልሽ የቱ ነው?» ብዬ ብጠይቃት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው! አንዲት ቃል። በፊደል የተጻፈች፣ ደረት ላይ ያረፈች፦ «አቦ»። ከ61ዱ 34ቱ እሷ ናት! አንዲት ገዢ «የልጄን ልክ ታወጪልኛለሽ? የኔን ለብሼ ሲያየኝ ምን ማለት ነው እያለ አስቸገረኝ፤ ልጄ ድሬን አያውቃትም» ብላ ጽፋላታለች። ልጅቷ ይህን መልዕክት ስታነብልኝ ድምጿ ትንሽ ተቀየረ። እንግዲህ ገበያዋ ይሄ ነው። ቦብ ማርሌን የሚሸጥ ሚሊዮን ሰው አለ። የከዚራን ባቡር ጣቢያ፣ የድሬን ባጃጅ፣ የድሬን ቃል ከከዚራ ልጅ በቀር ማን አሳምሮ ይሥላል?

ወደ ነገሩ ልመለስ። በዚያው ምሽት እናትየው ቤት ቡና ተፈላ። አክስትየዋም ተጠራች፤ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ምንም አታውቅም ነበር። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ቨርጂኒያ ተደወለ። እዚያ ቀትር ካለፈ አንድ ሰዓት ነው። ልጁ መጋዘን ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ስለሚሠራ ገና ከእንቅልፉ መነሳቱ ነበር። ፊቱ ስልኩ ላይ ሲመጣ፣ እናቱ እኔን፣ እኔ ደብተሩን እያየን ነው።

ስሌቱን አነበብኩለት። ሠላሳዋ ዶላር ላይ ስደርስ አቋረጠኝ።

«ጋሼ፣ እሷን ለግብር ብዬ ነው የያዝኳት። ገቢው በኔ ስም ነው የሚመዘገበው፤ በሚያዝያ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ደሞ አታሚው ሲታዘዝ ወዲያው ከኔ ካርድ ነው የሚቆርጠው፤ ገበያው የሚከፍለኝ በኋላ ነው። አንዳንዴ የቤት ኪራይ ቀን ላይ ይገጥማል...»

«ታዲያ ሒሳቡን ለምን አላሳየሃትም?»

«‹ብሬስ?› እንጂ ‹ሒሳቡን አሳየኝ› ብላኝ አታውቅም። ትርፉ ይቺን ታህል ነው ብላት ሌባ እንዳትለኝ ፈራሁ። ዝም አልኩ።»

«ዝም ስትለኝ ነው ሌባ ያልኩህ!» አለች ልጅቷ።

እናቱ ስኒዋን አስቀምጣ «አንተ ልጅ፣» አለች፣ «ስምንት ወር ሙሉ እኔን አይን አይኔን እያየች ቡና ስትጠጣ አታዝንላትም?» ከዚህ በኋላ ያለውን አልጽፈውም። የቤተሰብ ነው።

የሁለቱም ጥፋት አንድ ነው ባይ ነኝ። ያልጠየቀችም ያላሳየም ዘመድነትን እንደ ውል ቆጥረውታል። ዘመድነት ውል አይደለም። እንዲያውም ውል የሚያስፈልገው ከባዕድ ይልቅ ከዘመድ ጋር ነው፤ ከባዕድ ጋር ብትጣላ በሌላ ደጅ ትሄዳለህ፣ ከዘመድ ጋር ግን ቡናው አንድ ምድጃ ላይ ነው!

እንግዲህ፣ እህቴ፣ ለጠየቅሽኝ መልሴ ይኸውልሽ። እናንተም ይህን ሥራ የምታስቡ ወጣቶች አብራችሁ ስሙ።

አንደኛ፣ ቲክቶኩን እርሺው። ያልሰረቀን ሰው ሌባ ብለሽ ልትለጥፊው ነበር። የለጠፉትን መልሶ ማንሳት ይቻል ይሆናል፤ ካየው ሰው ልብ ግን አይነሳም። ፍቅረኛሽ ለአንቺ ተቆርቁሮ ነው፤ ግን እሳት ሲነድ ቤንዚን የሚያቀብል ሰው ምክሩ ሁለቴ ይታሰብበት።

ሁለተኛ፣ በአንድ ገጽ ወረቀት ውል ጻፉ። በዚያ ምሽት እኛ የጻፍነው እንዲህ ይላል፦ ዲዛይኖቹና ዋና ፋይሎቹ የእሷ ናቸው፤ ሱቁ የሱ ነው፤ ወጪ ሁሉ ከተቀነሰ በኋላ 60 በመቶ ለእሷ፣ 40 በመቶ ለሱ፤ ግብሩ ከመከፋፈሉ በፊት ይቀመጣል፤ ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ የሱቁን ሒሳብ ገጽ ፎቶ አንስቶ ይልካል፤ ያቺ 30 ዶላር እስከ ሚያዝያ ትቆይና ግብሩ ሲታወቅ ትታያለች። ወረቀቱን እናትየው ሣጥኗ ውስጥ ቆልፋበታለች።

ሦስተኛ፣ በሱ ይለፍ ቃል ከድሬ አትግቢ። አንዳንዱ ገበያ ከኢትዮጵያ ሻጭ አይቀበልም፤ ኤትሲ ለምሳሌ ሻጭ የሚቀበለው የራሱ የክፍያ ሥርዓት ከሚሠራባቸው አገሮች ነው፣ እኛ ዝርዝሩ ውስጥ የለንም። በሰው ስም የተከፈተ ሱቅ ከሌላ አገር ሲከፈት ቢታይ ሊታገድ ይችላል። ሱቁ የልጁ ከሆነ ሱቁን እሱ ይምራው፤ አንቺ ሥዕሉን ላኪ፣ ለሥራሽ ይክፈልሽ። ገንዘቡም በባንክ ይምጣ። በራስሽ ስም መሥራት ከፈለግሽ ደግሞ ከመመዝገብሽ በፊት ሁለት ነገር አጣሪ፦ ኢትዮጵያን ይቀበላል ወይ? የሚከፍለውስ በምን መንገድ ነው? ሁለተኛውን ሳያጣሩ ገብተው ዶላራቸውን በመስታወት የሚያዩ ስንቶች አሉ! ገቢው እየጠነከረ ሲመጣም ንግድ ፈቃዱንና የግብር መለያ ቁጥሩን አትርሺ።

አራተኛ፣ «የተረጋገጠ አካውንት እንሸጥላችኋለን» የሚሉ የቴሌግራም ደላሎች አሉ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ! የማታውቁት ሰው መታወቂያ ላይ ቤት አትሥሩ። ሥራችሁን ስትጨርሱ ቁልፉን የሚይዘው እሱ ነው።

አምስተኛ፣ ሥራው ሥራ ይሁን። ፋይሉ ዳራ የሌለው ፒኤንጂ፣ በቂ ስፋት ያለው ይሁን፤ አማዞን ለምሳሌ 4500 በ5400 ፒክስል ይጠይቃል። ጥቁር ጽሑፍ በጥቁር ካናቴራ ላይ አይታይም፤ ቀልድ አይደለም፣ ልጅቷ አንዴ አውጥታዋለች! የፊደሉ ቅርጽም ፈቃድ ያለው መሆኑን እዩ። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ እንደ ኖቶ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ያሉ በነፃ ፈቃድ የሚሠራባቸው ቅርጾች አሉ። ከሁሉም በላይ አንድ ካናቴራ አሜሪካ ላለው ዘመዳችሁ አሳዙና ታጥቦ እንዴት እንደሚሆን ይንገራችሁ።

ስድስተኛ፣ ቀን ቁጠሩ። የኛ ሰው ውጭ አገር መቼ ይሰባሰባል? በእንቁጣጣሽ፣ በየካቲት 23 የዓድዋ ቀን፣ ደግሞም እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በሰሜን አሜሪካ በየዓመቱ በጁላይ መጀመሪያ አካባቢ በሚደረገው የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ በዓል። ዲዛይኑ ከሁለት ወር በፊት ሱቁ ላይ መውጣት አለበት። በዓሉ ካለፈ በኋላ የወጣ ካናቴራ የዳግማይ ትንሣኤ በግ ነው።

ሰባተኛ፣ ሁሉን እንቁላል አሜሪካ ቅርጫት ውስጥ ምን አስቀመጠው? ድሬ ራሷ ገበያ ናት። በየዓመቱ ለቁልቢ የሚመጣው ሕዝብ ማስታወሻ ይገዛል። እዚያው ካናቴራ የሚያትም ቤት ፈልጊና «አቦ»ን በሃያ ፍሬ ጀምሪ። በብር ይሸጣል፣ ዘመድ አያጣላም፣ ደግሞ በእጅሽ ትነኪዋለሽ! ግን እዚህ አሳትሜ በፖስታ አሜሪካ ልላክ የምትሉ ተጠንቀቁ፤ እስከ 800 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ የሚገባበት አሠራር ከነሐሴ 23 ቀን 2017 ጀምሮ ታግዷል። ካልኩሌተሩ በእጃችሁ ይሁን።

ስምንተኛና የመጨረሻው፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱን እንዳትለቂ! 180 ዶላር ለስምንት ወር ሲካፈል በወር 22 ዶላር ተኩል ነው። ይሄ ደመወዝ አይደለም። ግን ከዜሮ የተነሣ ነው፣ የራስሽ ሥራ ነው፣ ያደገ ቀን ራሱ ይነግርሻል። እዚህ አዲስ አበባ ዘነበ ወርቅ ሰፈር እ.ኤ.አ. በ2004 በቤተልሔም ጥላሁን የተጀመረው ሶልሬብልስ ጫማ ባሕር ማዶ የተሻገረው አንድ ቀን አድሮ አይደለም።

በማግስቱ ጠዋት ልሰናበታቸው ስሄድ ሁለቱ እህትማማቾች ግቢው ውስጥ ቡና እየጠጡ ነበር። ልጅቷም አጠገባቸው ናት። አክስትየዋ ስኒ ስታቀብላት «እንቺ፣ ነጋዴዋ» አለቻት። ልጅቷ ሳቀችና ተቀበለች። ሙሉ በሙሉ ታርቀዋል ብዬ አልምልም። የሚያዝያው ሒሳብ ገና አልመጣም፤ ልጁም የመጀመሪያውን እሁድ ማክበሩ ገና ይታያል። ቀና ብላ ግን አይታታለች። ለጊዜው እሱ ይበቃል።

በዚህ ሥራ የተሳካላችሁም የተቃጠላችሁም ጻፉልኝ። ስማችሁ አይወጣም፤ ስሌታችሁን ግን ከነመቀነሱ ላኩልኝ!

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።